አራት ዲግሪ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ስድስተኛዋ ዛሬ ገባች። ክሬኑ ሲያወርዳት ግማሹ ሠራተኛ ሥራውን ትቶ ያያት ነበር፤ ግማሹ ደግሞ የሚያዩትን ሰዎች ያይ ነበር።

እያንዳንዷ ሞጁል ከባድ መኪና ላይ የምትጫን የብረት ሳጥን ታክላለች። ውስጧ የራሷ የሙጫ ማብሰያ ጋን፣ የራሷ ማማሰያ፣ የራሷ ፓምፕ፣ የራሷ መቆጣጠሪያ አለ። ሠራተኛው "እህትማማቾቹ" የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። እስካሁን የነበረን አንድ ትልቅ ጋንና አንድ መቆጣጠሪያ ክፍል ነው፤ እዚያ የተቀመጠው ተረኛ ሁሉን ያያል፣ ሁሉን ያዛል። ከአሁን በኋላ የሚያዝ የለም። እያንዳንዷ ሙቀቷን ትለካለች፣ ምን ያህል የማቀዝቀዣ ውሃ እንደሚያስፈልጋት ለአምስቱ ትናገራለች፣ የአምስቱንም ትሰማለች፣ ከዚያ ውሃውን እንደየችግራቸው ይካፈሉታል። በየአምስት ሰከንዱ። ሲጨርሱ ስክሪኑ ላይ በአረንጓዴ "ተስማምተዋል" የሚል ይወጣል። ይህን ነገር ለአስተዳደሩ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰበክሁት እኔ ነኝና ዛሬ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደከመኝ እንጂ።

ጋሼ ጆሮ አጠገቤ ቆመው ነበር። እዚህ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ስሙን ያወጣላቸው ሰው ጡረታ ከወጣ ቆየ፤ ስሙ ግን ቀርቷል። አንድ ክንድ የሚሆን የእንጨት ዘንግ አላቸው። አንዱን ጫፍ ፓምፑ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አድርገው የማሽኑን ሆድ ያዳምጣሉ።

"ማነው የሚያዛቸው?" አሉኝ።

"ማንም። እርስ በርስ ተነጋግረው ነው።"

"ታዲያ ጥፋት ሲመጣ ማንን ልንቆጣ ነው?"

ሳቅኩ። እሳቸው ግን የምር መልስ እየጠበቁ ነበር መሰለኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

እማዬ ጋ ደወልኩ፤ ወንድሜ አነሳው። "ደህና ናት" አለ። ሌላ አልጠየቅሁትም።

ባለፈው ዓመት ግማሽ ጎኗ ከሰነፈ ወዲህ ሦስታችን ተካፍለናታል። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ታላቅ እህቴ፣ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ታናሽ ወንድሜ፣ እሑድ እኔ። አንዳችን ስንገባ ሌላው ወጥቷል። ሦስታችን አንድ ላይ የተቀመጥንበትን ቀን አላስታውስም። የምንነጋገረው አልጋዋ ራስጌ ባለው ደብተር ነው፤ የደም ግፊቷን ለክተን እንጽፋለን፣ ቀጣዩ ተረኛ ያነባል። እትዬ ከቁጥሩ ጎን "ሾርባ እምቢ አለች" ምናምን ትጨምራለች። ወንድሜ ቁጥር ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

አራተኛዋ ሞጁል ነጭናጫ ወጥታለች። "ሞቀኝ፣ ውሃ ስጡኝ" ማለት ነው ሥራዋ። እሷ በጮኸች ቁጥር አምስቱ ከራሳቸው ቀንሰው ይሰጧታል፣ ሥራቸው ይጓተታል፣ አረንጓዴው ይጠፋል። የሙቀት መለኪያዋ ሳይበላሽ አይቀርም። አዲስ አዝዘናል፤ መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም።

ሰኞ ተረካቢ ኮሚቴው ይመጣል። ሥራ አስኪያጁ የቢሮዬ በር ላይ ቆሞ፣ ወደ ውስጥ ሳይገባ፣ "ይቺን ነጭናጫ እስከ ሰኞ አንድ በያት" አለኝ። እንዴት አላለም።

አርብ፣ የካቲት 14

በችኮላ።

አደረግኩት። አራተኛዋ ለጎረቤቶቿ ስትናገር ከትክክለኛው አራት ዲግሪ ቀንሳ ትናገራለች። በራሷ ትንሽ ስክሪን ላይ እውነተኛው ቁጥር ይታያል። የተቀነሰው ለጎረቤት ብቻ ነው።

ጸጥ አለች። ስድስቱም አረንጓዴ።

አዲሱ መለኪያ እስኪመጣ ብቻ። ኮሚቴው እንደሄደ አነሳዋለሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ተረከቡን። ስድስት ሰዓት ሙሉ አንድም አላርም አልጮኸም። አንዱ የኮሚቴ አባል "እነዚህስ ከኛ ቤተሰብ ይሻላሉ" ብሎ ቀለደ፤ ሁሉም ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ፎቶ ውስጥ አስገባኝ። ፈገግ ብያለሁ ብዬ አስቤ ነበር፤ ፎቶውን ሳየው ግን አፌ ብቻ ነው የተከፈተው።

አራቱን ዲግሪ ነገ።

እሑድ፣ የካቲት 23

እማዬ ጋ። ፀጉሯን አጠብኩላት። ደህናውን እጇን አንገቴ ላይ አሳርፋ "ከስተሻል" አለችኝ። ምላሷ ሲተሳሰር ቃሉ ግማሹ ይቀራል፤ እኔ ግን ለምጄዋለሁ።

ደብተሩን አየሁ። እትዬ፦ 150/90፣ 154/92፣ 148/90። ወንድሜ፦ 130/80፣ 130/80፣ 130/80። እሱ ጋ ስትሆን ትረጋጋለች ማለት ነው። ድሮም ልቧ ለእሱ ያደላል።

እኔ ስለካ 152/92 ሆነ። 142 ብዬ ጻፍኩ። እትዬ ነገ ጠዋት ስታየው ትሸበራለች፣ ከዚያ እኔ ጋ ትደውላለች፣ እኔ ስብሰባ ላይ ነኝ። መሣሪያውም አንዳንዴ ይጨምራል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ሙቀት። ገንዳችን ውስጥ ያለው የማቀዝቀዣ ውሃ በየቀኑ ይወርዳል። ትልቅ ትዕዛዝ ተቀብለን ስድስቱም ያለ ዕረፍት እየሠሩ ነው።

የአራተኛዋን ነገር ዛሬ ላነሳው ተነስቼ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ኮሪደር ላይ አገኘኝ። "ትዕዛዙ እስኪያልቅ አንድም ነገር እንዳትነካኪ፣ እለምንሻለሁ" አለ። ምን ልነካ እንደሆነ አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀም። ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ሲከለክለኝ ቀለለኝ መሰለኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ጋሼ ጆሮ ቢሮዬ ድረስ መጡ። እዚህ ወጥተው አያውቁም፤ ደረጃው ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

"አራተኛዋ ድምፅዋ ከብዷል" አሉ። "ሙጫው እየጠጠረባት ነው። ማማሰያው ያቃስታል።"

ስክሪኑን አዞርኩላቸው። "ይኸው ጋሼ፣ ተስማምተዋል። ሙቀቷ ደህና ነው።"

መነጽራቸውን አውጥተው ረጅም ጊዜ አዩት። "እንግዲህ አንቺ ካልሽ" ብለው ዘንጋቸውን ይዘው ወረዱ። እኔ የቀረበልኝን ሪፖርት ማንበብ ቀጠልኩ። ገጽ አሥራ አንድ ላይ ነበርኩ። ያንን ገጽ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ አሁን ምን እንደሚል አላስታውስም።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ጋሼ ጆሮ ተቃጠሉ። ሁለቱም እጆች።

በሕይወት አሉ።

እጄ አይንቀጠቀጥም። ጽሑፌን እያየሁት ነው፣ ቀጥ ያለ ነው።

ሰኞ፣ ማታ

በሥርዓት ልጻፈው።

ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ግድም። ገንዳው ግማሽ ላይ። ስድስቱ "ተስማምተዋል"። ጋሼ ዘንጋቸውን አራተኛዋ ላይ አድርገው ነበር። ማማሰያው አንድ ጊዜ አቃስቶ ዝም ሲል ሰማሁ ይላሉ። አንድ ቃል ሳይናገሩ ሮጡ፤ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ሮጡ። የመጠባበቂያ ውሃውን ቫልቭ በእጅ ያዙና ማዞር ጀመሩ። ያ ቫልቭ ያለ ተረኛ መሐንዲስ ፈቃድ አይነካም፤ ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በዚያው ቅጽበት ከጎኑ ያለው የማስተንፈሻ ቱቦ የፈላ እንፋሎት ተፋ። እጃቸው ላይ።

አልለቀቁም። ያየው ሰው ሁሉ የሚያወራው ይህን ነው። እስከ መጨረሻው አዙረው ነው የለቀቁት።

ከዚያው ገንዳ የሚመጣው ውሃ ወደ አራተኛዋ ሲገባ ለአምስቱ ጎደለባቸው፣ ስምምነቱ ፈረሰ፣ ስድስቱም ራሳቸውን አጠፉ። ከዚያ ጸጥታ። እኔ ስደርስ ጋሼ መሬት ላይ ተቀምጠው እጆቻቸውን ወደ ላይ አንስተው ነበር፤ ታጥቦ ፎጣ እንደሚጠብቅ ሰው። ቆዳው ምን እንደሚመስል አልጽፍም። "ከፈትኩት" አሉኝ። እኔ "ጎሽ ጋሼ" አልኩ።

የአራተኛዋን ትንሽ ስክሪን አየሁት። ቁጥሩን አየሁት። ስክሪኑ የሚዘጋበት የቆርቆሮ ክዳን አለው፤ ዘጋሁት።

እራት በላሁ። እንቅልፍ እየመጣብኝ ነው። እንቅልፍ መምጣቱ ያሳፍረኛል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ሥራ አስኪያጁ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። እሱ፣ የሕግ ባለሙያዋ፣ የደኅንነት ኃላፊው። የቴክኒክ ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ። "ከአንቺ የተሻለ የሚያውቃቸው የለም" አለ።

ድሮ ቢሆን መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ አንድ መዝገብ ነበር፤ ማን ምን እንደነካ እዚያ ይገኛል። አሁን ማዕከል የለንም፣ ማዕከላዊ መዝገብም የለንም። እያንዳንዷ የራሷን ታስታውሳለች። የአራተኛዋ ማስታወሻ አራተኛዋ ውስጥ ነው፣ የት እንዳለ የማውቀው እኔ ነኝ። ተጠግና ሰኞ መጋቢት 22 ሥራ ስትጀምር ማስታወሻዋ ተጠርጎ አዲስ ፕሮግራም ይጫንባታል። የመጥረጊያውን ቅጽ የምፈርመውም እኔ ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ቢጫ ወረቀት።

ወጥቼ ስሄድ የሕግ ባለሙያዋ ለሥራ አስኪያጁ ስትለው ሰማሁ፦ "ስድስቱም ተስማምተው ነበር ካላችሁ ነገሩ ቀላል ነው። የፈረሰው ሰው እጁን ሲያስገባ ነው።"

አርብ፣ መጋቢት 12

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ምሳ ይዤ። ባለቤታቸው በማንኪያ ታጎርሳቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ ሰው ሲያያቸው ያፍራሉ፣ ስለዚህ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። የወለሉን ንጣፍ ቆጠርኩ። በአንድ ረድፍ አሥራ ዘጠኝ።

ሥራ አስኪያጁ ጠርቶኝ ነበር። በሩን ዘጋ። "ስሚ" አለ፣ "በዚያ ሳምንት አንድ በያት ብዬሽ ነበር። ምን እንዳደረግሽ አልጠየቅሁሽም፣ አሁንም አልጠይቅሽም። አንቺም እንዳትነግሪኝ። የማላውቀውን ነገር ማንም አይጠይቀኝም።" ከዚያ ስለ እማዬ ጤና ጠየቀኝ። ደህና ናት አልኩት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ዛሬ የጋሼን ቃል ተቀበልኩ። መጻፍ አይችሉም፣ መፈረም አይችሉም፣ አሻራም አይችሉም፤ እስከ ክንዳቸው ጥቅል ፋሻ ነው። ኮሚቴው ሌላ ሰው ሊልክ ነበር፣ እሳቸው "እሷ ትጻፍልኝ፣ እሷ ታውቀኛለች" ብለዋል።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። "ድምፁ ከበደኝ፤ ከፈትኩ።" ይኸው ነው አሉ። ሌላ ምን ልጨምር? ሐሙስ ዕለት ለመሐንዲሷ ነግሬያለሁ በሉ አልኳቸው። አላሉም። "አንቺን ምን ያገባሻል? ያየሽውን ነው የነገርሽኝ።"

ከዚያ መስኮቱን እያዩ፦

"ስድስቱም ተስማምተው ነበር አሉኝ።"

"አዎ።"

"እኔ አስቤ አስቤ፣ ስድስት ማሽን ከሚሳሳት አንድ ሽማግሌ ቢሳሳት ይቀላል። ጆሮዬ ሄዷል ልጄ። የሌለ ድምፅ መስማት ጀምሬአለሁ። አባቴንም ወደ መጨረሻው እንዲህ አድርጎት ነበር፣ የሌለ በር ይንኳኳበት ነበር።" ባለቤታቸውን ጠርተው፣ "ያን እንጨት ጣዪልኝ፤ ቤት ስገባ እንዳላየው" አሏት።

ምላሴ ተሳሰረ። ተሳሰረ ስል፣ መናገር ፈልጌ አቃተኝ ማለቴ አይደለም። መናገር እንደምችል አውቅ ነበር። ሦስት ቃል ነው። ብዕሬን ከደንኩና "ይሻልዎታል ጋሼ" አልኩ።

ሊያባርሯቸው ነው። ያለ ፈቃድ ቫልቭ በመክፈትና ምርት በማቋረጥ። ጡረታቸው አንድ ዓመት ከሰባት ወር ቀርቶት ነበር። እሳቸው ግን ስለ ጡረታው አንድም ጊዜ አላነሱም።

እሑድ፣ መጋቢት 14

እማዬ ጋ።

ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጥኩት። ወንድሜ፦ 130/80። ያለፈው ሳምንት 130/80። ወሩን ሙሉ 130/80። የአንድ ሰው ደም እንደዚህ አይሠራም። እስካሁን አለማየቴ ይገርማል። አይቼዋለሁ እንጂ፤ ደስ ስላለኝ ነው ያለፍኩት።

ደወልኩለት። "ትለካታለህ?" አልኩት።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ትለካታለህ ወይስ ዝም ብለህ ትጽፋለህ?"

"መጀመሪያ እለካ ነበር። ከፍ ሲል እናንተ ትጨነቃላችሁ፣ እትዬ ታለቅሳለች፣ አንቺ ሥራ ላይ ነሽ። መድኃኒቷን እንደሆነ በሰዓቱ ሰጥቻታለሁ። ቁጥሩ ምን ይጨምራል?"

ጮህኩበት። እማዬ በሰማችበት፣ አፌ እንዳመጣልኝ። እኛ እኮ ባንተ ቁጥር ነው የምንተኛው አልኩት። እትዬ ያንተን መቶ ሠላሳ አይታ ነው ሐኪም ቤት መውሰዱን የተወችው አልኩት። ሰው እንዴት የእናቱን ቁጥር ይፈጥራል አልኩት። ይህን ሁሉ ያልኩት ዓይኔን በጨው ታጥቤ ነው።

ስጨርስ ቀስ ብሎ፣ "አንቺስ?" አለ።

"እኔ ምን?"

"እኔ እንጃ። ዝም ብዬ ነው የጠየቅሁት።"

ስልኩን ዘጋሁት። የእማዬን ግፊት አልለካሁም። ረሳሁት ብዬ ጻፍኩ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

አዲሱ የሙቀት መለኪያ ደረሰ። አሁን ደረሰ።

ሁለቱን ጎን ለጎን በአንድ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከርኳቸው። አሮጌውም አዲሱም አንድ ቁጥር አሳዩ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። አሮጌው አልተበላሸም። ተበላሽቶም አያውቅም። አራተኛዋ ከዋናው የውሃ መስመር መጨረሻ ላይ ናት፣ ውሃው እሷ ጋ ሲደርስ ሞቆ ነው የሚደርሰው። ሲሞቃት ሞቀኝ አለች። ነጭናጫ ያልናት እውነቷን ነበር።

ሁለቱን መለኪያዎች አድርቄ በየካርቶናቸው መለስኩ። ቢጫውን ወረቀት አወጣሁ፣ ፈረምኩበት፣ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ሪፖርቱን ጨርሼዋለሁ። ሰባት ገጽ። ሐሰት የለበትም። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ብቻውን እውነት ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

እትዬ ደውላ ወንድሜን ምን ብዬው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አለቀሰብኝ አለች። የአርባ ዓመት ሰው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ይቀመጣል። ሸሚዜን ተኮስኩ። ምንም አይሰማኝም፤ ፍርሃት እንኳ ቢመጣ በወደድኩ። ጥርስ ሲነቀል እንደሚሰጠው መርፌ ነው፤ ጉንጬን ብነክሰውም አላውቀውም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ከሥራ ታግጃለሁ። አራት ሰዓት ላይ መታወቂያዬን ለጥበቃው አስረክቤ ወጣሁ። አሁን የተቀመጥኩት የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ነው፤ ሦስት አውቶቡስ አልፎኛል።

ጋሼን ባለቤታቸው ይዛቸው መጣች። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ እጃቸው እጅጌው ውስጥ ስላልገባ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ተደርቦ። ወንበር ስበው መቀመጥ አልቻሉም፤ የደኅንነት ኃላፊው ሳበላቸው። የጻፍኩላቸው ቃል ተነበበ። "ድምፁ ከበደኝ፤ ከፈትኩ።" የሕግ ባለሙያዋ የሚጨምሩት ካለ ጠየቀቻቸው።

ተነሱ። ሳይቀመጡ መናገር ይሻላል ያሉ መሰለኝ። "ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ጆሮ እንጀራ በልቻለሁ" አሉ። "አሁን አታሎኛል። ልጆቹ የሠሩት ነገር ደህና ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።" ይቅርታውን ሲሉ ወደ እኔ ዞሩ። በስንት ሰው መሃል፣ ለእኔ።

ሥራ አስኪያጁ "እናመሰግናለን" ብሎ ወረቀቱን ገለበጠና፣ "እንግዲህ የቴክኒክ ሪፖርቱ" አለ።

ሰባቱ ገጾች እጄ ላይ ነበሩ። "አላታለለዎትም" አልኩ።

ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ነበር፤ የአየር ሁኔታ እንደሚያነብ ሰው። አራተኛዋን በግድግዳው ስክሪን ላይ ከፈትኩና ማስታወሻዋን አወጣሁት። የካቲት 14፣ ከሰዓት፣ በእኔ ስም። ለጎረቤት የሚነገር፦ አራት ዲግሪ ሲቀነስ። ከዚያ የመጋቢት 8ን ጠዋት አወጣሁ፤ በአንድ በኩል እውነተኛው ሙቀት፣ በሌላ በኩል የተናገረችው። ሁለቱ መስመሮች እኩል ተራርቀው ይወጣሉ። አምስቱ የሰሙት የታችኛውን ነው። ስለዚህ ተስማሙ። ውሃው ከእሷ ይልቅ ለማያስፈልጋቸው ሄደ። "ባይከፍቱት ኖሮ" አልኩ፣ "በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጋኑ ይፈነዳ ነበር። እዚያ አካባቢ አሥራ አንድ ሰው ነበር።" መለኪያው ደህና እንደነበረም ነገርኳቸው። ከአደጋው በፊት በነበረው ሐሙስ ደረጃውን ወጥተው እንደነገሩኝም።

ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን አንስቶ ጠጣ። ባዶ ነበር።

ጋሼ ስክሪኑን አላዩትም። እኔን ነበር የሚያዩት።

"ስለዚህ ሰምቼ ነበር?"

"ሰምተው ነበር ጋሼ።"

"ያቃሰተችው እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ብዙ ጊዜ። ከዚያ እንባቸው ወረደ። የሚጠርጉበት እጅ የላቸውም፤ ባለቤታቸው በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላቸው። "አሥር ቀን" አሉ። "ምሳ ይዘሽ መጣሽ። አልጋዬ ላይ ተቀምጠሽ ጻፍሽ። ጆሮዬ ሄደ ስልሽ አጠገቤ ነበርሽ።"

"አዎ።"

"እጄስ ይድናል። አእምሮዬን የጣልኩ መስሎኝ ነበር እኮ።"

ይቅርታ አልኩ። እንዴት ትንሽ ቃል ናት። ወደ በሩ ሄዱ፣ መክፈት ስላልቻሉ ቆመው ጠበቁ፣ ባለቤታቸው ከፈተችላቸው፣ ወጡ። ዞር አላሉም። እንዲዞሩ ጠብቄ ነበር፤ ይህንንም ልጻፈው።

አራተኛ አውቶቡስ መጣ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

የጋሼ ባለቤት ደወለች። የማባረሩ ነገር ቀርቷል፣ ደብዳቤ መጥቶላቸዋል። እኔን ማነጋገር እንደማይፈልጉ ነገረችኝ፤ በክፋት አይደለም አለች፣ አሁን አልቻለም። አንድ መልእክት ብቻ አላቸው፦ አራተኛዋን ከማስነሳታቸው በፊት እሳቸው ይስሟት። ይህን ለደኅንነት ኃላፊው እንድነግርላቸው ነው።

"በምን ይሰሟታል?" አልኳት። "እንጨቱን ጥለሽዋል።"

"መች ጣልኩት" አለች። "እኔ እይዝለታለሁ፣ እሱ ጆሮውን ያደርጋል።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ። ድምፅ አውጥቼ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ቧንቧውን ከፍቼ። ከየካቲት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

እሑድ፣ መጋቢት 21

ሐኪም ቤት ኮሪደር። ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው።

ጠዋት እማዬን ለካኋት። 178/104። ትንሽ አሳርፌ እንደገና ለካሁ። 178/104። ደብተሩን ስከፍት እጄ በልማዱ 168 ብሎ ጀምሮ ነበር። ሰረዝኩት፣ 178/104 ብዬ ጻፍኩ።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ካለፈው እሑድ ወዲህ አልተነጋገርንም።

"መቶ ሰባ ስምንት በመቶ አራት" አልኩት።

"ስንት?"

ደገምኩለት።

"መሣሪያው ይሆን?"

"መሣሪያው አይደለም።"

"መጣሁ" አለ። እትዬም ጋ ደወልኩ፣ ቁጥሩን ብቻ ነገርኳት፣ እሷ መጣሁ እንኳ አላለችም፣ ስልኩ ሲዘጋ ሰማሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሦስታችንም አልጋዋ ዙሪያ ቆመን ነበር። ወንድሜ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሷል። እማዬ አንድ በአንድ አየችን። በዚያች በተሳሰረች ምላሷ፣ "ምነው፣ ልሞት ነው እንዴ?" አለች። "ደህና ነሽ ስትሉኝ አልነበር?" ወንድሜ እያለቀሰ ጫማዋን አደረገላት።

አሁን ነርሷ ወጥታ ያለፈው ወር ልኬት ካለን ጠየቀች። ደብተሩን ሰጠኋት። ገልጣ ገልጣ፣ "እነዚህ መቶ ሠላሳዎች ምንድን ናቸው?" አለች። ወንድሜ ወለሉን እያየ "እነሱን ተያቸው፣ እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው" አላት። እሷም በእስክሪብቶ ሰረዘቻቸው።

"የቀሩት ልክ ናቸው?"

እትዬ አዎ ልትል አፏን ከፍታ ነበር።

"ከዛሬው በቀር፣ እሑድ እሑድ የተጻፈው ላይ አሥር ጨምሪበት" አልኳት።

ነርሷ ቀና ብላ አየችን። "ማን ነው የጻፈው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።